ቡላ የበላው

ሐሙስ ጠዋት ዘመነች የሳህኑን ጠርዝ በማንኪያ ብትመታ ብትመታ ውሻዋ ቡላ አልመጣም። ሦስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ያቺን ድምፅ ሰምቶ ያልሮጠበት ቀን አልነበረም። ሳህኑን እንደያዘች ወደ ጓሮ ዞረች። ከውሃ ሮቶው ሥር፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ጭራውን አንዴ ብቻ አነሣና መልሶ ጣለው። ሳህኑን አፍንጫው ሥር ብታስጠጋለት ፊቱን አዞረ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አለችው። ሰው ባለበት ቢሆን «ልጄ» አትለውም ነበር።

ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ያለውን አየች። ሸንቶበታል፤ ግን ሽንት አይመስልም። እሳት ላይ ተረስቶ የከረረ ሻይ ነው የሚመስለው፣ ወደ ቀይ ያደላ ጥቁር። ተንበርክካ ከንፈሩን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ወትሮ ሮዝ የነበረው ድዱ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻዋ ላይ ካለው ነጠላ አይለይም። ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነሣል ይወድቃል፤ ሮጦ እንደመጣ እንስሳ ያለከልካል፤ ግን የትም አልሮጠም።

በዚያች ቅጽበት በዘመነች ጭንቅላት ውስጥ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ መርዝ። ከቃሉ ጋር ደግሞ አንድ ሰው መጣባት፤ የአጥር ጎረቤቷ አቶ ደሜ።

አቶ ደሜ የአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ሌሊቱን ቆመው ያድሩና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብተው ይተኛሉ። ቡላ ደግሞ የሚጮኸው ቀን ነው፤ ባጃጅ ሲያልፍ ይጮኻል፣ ቆራሌው ሲጣራ ይጮኻል፣ ጣሪያ ላይ ድመት ሲሄድ ይጮኻል። ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ሲሆን፣ የአቶ ደሜ መኝታ ቤት መስኮት ከዚያ አጥር ክንድ አይርቅም። ጥር ላይ በእድሩ ስብሰባ ሰው ሁሉ ባለበት ተነሡና፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ወይዘሮ ዘመነች፣ ያንን ውሻ ወይ እርስዎ ዝም ያሰኙት፣ አለዚያ እኔ ዝም አሰኘዋለሁ» አሉ። ሰው ሳቀ። ዘመነች አልሳቀችም።

ከጥቂት ሳምንት ወዲህ በእርግጥ የቡላ የቀን ጩኸት ቀንሶ ነበር። ልብ እየገዛ ነው ብላ ነበር። አሁን ግን ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደች። ቆርቆሮው ሥር፣ ጎመን በተከለችበት መደብ ላይ፣ የተቀደደ ጥቁር ፌስታል ወድቋል። ስትከፍተው ግራጫ፣ የሚያዳልጥ፣ የተቀቀለ ነገር ቁራጭ ቀርቶበታል። ሥጋ ነው። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ በዘመነች ግቢ እንኳን ሥጋ፣ ሽታውም የለም። ፌስታሉን ጠቀለለችና ቀሚሷን እንኳ ሳትለውጥ ወጣች።

ዘመነች ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለው አሮጌ ቤቷ ሳትነቃነቅ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ባለቤቷ አምላኩ ሲሞት ልጃቸው ሳያት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻትም፣ ያስተማረቻትም በድስት ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለግንበኞች፣ ለፌሮ ሠራተኞች፣ ለቀን ሠራተኞች ምሳ ታደርስ ነበር። አሁን ደግሞ ከቤቷ ሁለት ፌርማታ ርቆ የሚሠራ ሕንፃ አለ፤ ሠራተኞቹ ቀትር ላይ ግቢዋን ይሞሉታል። የምትታወቀው በሽሮዋ ነው። ሥራ ለውጠው ከተማው ሌላኛው ጫፍ የሄዱ ሰዎች ሳይቀሩ ወደዚህ ሲመጡ ጎራ ይላሉ። ምስጢሩን ሲጠይቋት አትደብቅም፤ «ሽሮው አይደለም፣ ቁሌቱ ነው» ትላለች፤ ሌላ ሰው አንድ ኪሎ ሽንኩርት በሚያቁላላበት እሷ ሁለት ታቁላላለች። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የሷን ምግብ በልቶ ታመምኩ ያላት ሰው የለም።

ቡላን ያመጣችው ሳያት ናት። እዮኤልን አግብታ ዓለም ባንክ አራተኛ ፎቅ ስትገባ «ለጥቂት ጊዜ ነው እማዬ» ብላ ቡችላውን ትታላት ሄደች። መልኩ ቡላ ስለሆነ ስሙም ቡላ ሆነ። ዘመነች ወጥ ቤቴን አይረግጥም ብላ ነበር። ወር ሳይሞላ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ መተኛት ጀመረ። ሠራተኞቹ በልተው ከሄዱ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ የምታናግረው ሌላ ፍጥረት አልነበራትም።

የአቶ ደሜን በር በመዳፏ ደበደበችው። እሳቸው ገና ከሥራ መግባታቸው ነበር፤ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቅ አሉ።

«ምን አበላኸው?» አለች።

አሥራ አራት ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ «አንተ» ብላቸው አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ ግን አልመለሰችውም።

«ማንን?» አሉ አቶ ደሜ።

«ውሻዬን። እየሞተብኝ ነው። ይኸው፣ ግቢዬ ውስጥ ያገኘሁት ነው።» ፌስታሉን ዘረጋችው።

አቶ ደሜ ፌስታሉን አዩት፤ ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ዞር አሉ። ባለቤታቸው ኤቢሴ ከኋላቸው ቆማለች። ፌስታሉን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እኔ መርዝ አላበላሁም» አሉ አቶ ደሜ።

«ፌስታሉስ? የማን ነው?»

 በዚህ መሀል መንገደኛ መቆም ጀምሯል፤ የጥጉ ሱቅ ባለቤት ብርቅዬም ሱቋን ትታ መጥታለች። አቶ ደሜ የተሰበሰበውን ሰው አንድ ጊዜ ቃኙና፣ «መርዝ አላበላሁም፣ ወይዘሮ ዘመነች። ከዚህ ሌላ የምልዎት የለኝም» ብለው በሩን ዘጉት።

«ንጹሕ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር» አለች ብርቅዬ። ይቺ ቃል በቂ ነበረች። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ አማኑኤል በከዘራቸው ተደግፈው ሲደርሱ ሰዉ በየአፉ ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው፣ «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሁለታችሁንም እናዳምጣለን። እስከዚያ የማንም ስም እንዳይነሣ» አሉ። የአቶ ደሜ ስም ግን ከቀትር በፊት ፌርማታው ድረስ ሄዶ ነበር።

ሰው ደግሞ ምክሩን አላቋረጠም። አንዷ ወተት አጠጪው ትላለች፣ አንዱ ጥሬ እንቁላል፣ ሌላው ከሰል በጥብጠሽ ጋቺው። ዘመነች ወተት አስልካ በማንኪያ ሞከረች፤ በአፉ ጥግ ፈሰሰ። ለሳያት ደውላ ነገረቻት፤ ሳያት እስክትጨርስ ጠበቀቻትና፣ «እማዬ፣ ወተቱን ተይውና ሐኪም ጋ ውሰጂው። ወደ አስኮ መውጫ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። አሁኑኑ» አለቻት።

የመጀመሪያው ባጃጅ ውሻውን ሲያይ ሳይቆም አለፈ። ሁለተኛው ቆመና፣ «እማማ፣ ውሻ ከጫንኩ ሰው አይሳፈርልኝም» ብሎ ሄደ። ሦስተኛውን ከፊቱ ቆማ አስቆመችው። ቡላን በአሮጌ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱን ደግሞ በማዳበሪያ ጠቅልላ እቅፏ ላይ አስተኛችው። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንደዚያ ዝም ብሎ ሲታቀፍ፣ ያ ዝምታው ከምንም በላይ አስፈራት። በሳንሱሲ በኩል ሲወጡ መንገዱ ተቆፍሮ ኖሮ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር «ቀስ፣ ቀስ በል» ትላለች፤ መልሳ ደግሞ «ቶሎ በል» ትላለች።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ሐኪሟ ዶክተር ውዳሴ የሳያት እኩያ የምትሆን ቀጭን ሴት ናት። ድዱን አየች፣ ልቡን አዳመጠች፣ ዘመነች ስለ ሽንቱ ስትነግራት አንገቷን ነቀነቀች።

«ምን ይበላል እናቴ?»

«መርዝ ነው የበላው። ማስረጃውን ይዤዋለሁ።»

«እሱንም አየዋለሁ። እርስዎ የሚሰጡት ግን ምንድን ነው?»

«እኔ የምበላውን ነዋ።»

ዶክተሯ ከፊት እግሩ ትንሽ ደም ቀዳች፤ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ ቀብታ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበሰች። ቆየች። ዘመነች የቡላን ጆሮ እያሻሸች የዶክተሯን ጀርባ ታያለች። ዶክተሯ ቀና ስትል አነጋገሯ ተለውጧል፤ ለስልሷል።

«አሁን ጾም ነው። ሽሮ ነው አይደል የሚበላው?»

«ሽሮ ፍትፍት። ጠዋትና ማታ።»

«ሽሮው ውስጥ ምን ምን ይገባል?»

ዘመነች ለአፍታ ዶክተሯ አሠራሩን ልትማር የፈለገች መሰላት። «ዘይት፣ በርበሬ ትንሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት። የእኔ ሽንኩርቱ ይበዛል። ለሠራተኛ ስለማበስል በዚህ ጾም በቀን ስምንት ኪሎ አቁላላለሁ። የቁሌት ድስቱ ሥር የሚቀረውን በእንጀራ ጠርጌ ነው ለእሱ የምሰጠው። በጣም ይወደዋል።»

«በየቀኑ?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ። ሥጋ የለ፣ አጥንት የለ፣ ምን ላድርግ? እንዳይከሳ ብዬ ጨምሬለታለሁ።»

ዶክተር ውዳሴ ጓንቷን አወለቀች። «እናቴ፣ ሽንኩርት ለውሻ ደም ጠላት ነው። ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የተቁላላውም። እኛን አይነካንም፤ የእነሱን ቀይ የደም ሴል ግን ያፈርሰዋል። ሽንቱን ያጠቆረው የፈረሰው ደም ነው። በመስታወቱ ያየሁት ይሄንን ነው።»

«የእኛ አገር ውሻ ሽሮ ሲበላ ነው የኖረው» አለች ዘመነች። ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። «ትናንት የመጣ ነገር አታስመስዪው።»

«ልክ ነዎት። ከድስት የተረፈች ትንሽ ነገር አንዳንዴ ቢቀምስ ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም። በየቀኑ፣ ያውም የቁሌቱን ድስት ሲጠርግ ግን አይችልም። ጎረቤት መርዞት ነው እየተባለ የተቀበረ ውሻ ስንት እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

 ዘመነች ፌስታሉን አወጣች፤ ዶክተሯ ተቀብላ ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ በመቆንጠጫ ገለበጠችው። «የተቀቀለ ሳንባ ነው የሚመስለው። በርበሬም ሽንኩርትም የለውም። ሳላስመረምር መርዝ የለበትም ብዬ አልምልም። ግን ደሙ የሚነግረኝ ሌላ ነው። ይሄንን ደጋግሞ በልቶ ከነበረ እስከ ዛሬ በሕይወት ያቆየው እሱ ሊሆን ይችላል።»

ቡላ ግሉኮስ ተሰካለት፤ መርፌ ተወጋ። ደም ቢሰጠው ጥሩ ነበር፣ ግን በክሊኒኩ የለም። «ሦስት ቀን ነው የምንጠብቀው» አለች ዶክተሯ። «ከበላ ደሙን ራሱ ይተካል። ካልበላ ግን እኔ የማደርግለት ብዙ የለም። ጉበት፣ ሳንባ፣ እንቁላል ቀቅለው በሩዝ ወይም በቅንጬ። ጨው አይግባበት፣ ቅመም አይግባበት። የበሰለ አጥንትም እንዳይሰጡት፤ ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። የሽንኩርት ደግሞ ሽታው እንኳ እንዳይደርሰው።»

«ጾም እኮ ነው» አለች ዘመነች ዝግ ብላ።

«እሱ አይጾምም፣ እናቴ።»

ቡላን አቅፋ በባጃጅ ተመለሰች። ከበሯ ስትደርስ ብርቅዬ ቆማ ትጠብቃለች። «እህስ፣ መርዝ ነው አይደል?»

ዘመነች አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ገና እየመረመሩት ነው» አለችና ገባች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በበሩ ክፍተት ወደ መንገዱ ስታይ ኤቢሴ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ሱቁ ስትሄድ አየቻት። ሱቁ በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ኤቢሴ ደርሳ ቆመች፤ ማንም ፈቀቅ አላለላትም። ትንሽ ቆየችና ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ተመለሰች። ዘመነች በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ልውጣና ልንገራቸው አለች በልቧ፤ ከዚያ ደግሞ ሠራተኞቹን አሰበች፣ ሽሮዬ ውሻ ገደለ ሲባል የሚሆነውን አሰበች፣ ቡላ እስኪሻለው ልቆይ አለች። ሰበብ እየፈለገች መሆኑን ግን ታውቃለች።

ዓርብ ጠዋት ኮልፌ ወረደች። በጾም የክርስቲያን ልኳንዳ ስለሚዘጋ የሙስሊም ልኳንዳ የሆነውን የሰዓዳን ቤት ፈለገች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አጣፍታ ነበር፤ ሆኖም ከልኳንዳው ደጅ ስትደርስ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ሁለት ሴቶች ከማዶ ሲያልፉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጉበትና ሳንባ» አለች።

«ለሰው ነው ለውሻ?» አለች ሰዓዳ ቢላዋዋን እየጠረገች።

«ለውሻ። ደም አንሶታል።»

«ደም የሚያበዛው ጉበቱ ነው እንግዲህ» ብላ መዘነችላት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ዘመነች ግን እስከ ፌርማታው ድረስ የሰው ዓይን ጀርባዋ ላይ ያለ ይመስላት ነበር።

የጾም ዕቃዋን እንዳትነካ ጓሮ ከሰል አያያዘችና ከጆንያ ሥር ያወጣችውን ያረጀ ድስት ጣደች። ውሃው ሲፈላ እጇ ልማዱን ፈልጎ ወደ ሽንኩርቱ ቅርጫት ሄደ። መሀል መንገድ ላይ ያዘችው። በሕይወቷ ለማንም ፍጡር ያለ ሽንኩርት አብስላ አታውቅም። ጉበቱን አቀዝቅዛ፣ ቆራርጣ፣ በሩዝ ለውሳ አቀረበችለት። ቡላ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሩዙን ትታ ሞከረች፤ እንቁላል ሞከረች፤ በእጇ ሞከረች። ውሃ ብቻ ላሰ። ሲመሽ ድስቱን ከነሙሉው አነሣችው።

ቅዳሜም እንደዚያው ነጋ። ድዱ አልቀላም። ለዶክተሯ ስትደውል፣ «ዛሬ የሆነ ነገር ካልቀመሰ ነገ ያምጡት፤ ግን ተዘጋጅተው ይምጡ» አለቻት። ለምን እንደምትዘጋጅ አልጠየቀቻትም።

ስምንት ሰዓት ላይ እድሩ ዕቃ ቤት ገባች። ሠላሳ የሚሆን ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። አቶ ደሜ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ኤቢሴ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፋቸውን ትተው ነው የመጡት። በሁለቱም ጎን አንዳንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ አለ።

ዘመነች ያንን ባዶ ቦታ አየች። እውነቱን የሚያውቁት እሷና አስኮ ያለችው ሐኪም ብቻ ናቸው። ቡላ ቢሞት ሰው ሁሉ የሚያምነውን አምኖ ይቀራል። ዝም ማለት እንኳ አይጠበቅባትም፤ ሐሙስ የተናገረችውን መድገም ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ዘመነች፣ እርስዎ ይጀምሩ» አሉ አቶ ወልደ አማኑኤል።

ተነሣች። የፊቱን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

«ውሻዬን የመረዘው ሰው የለም። ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ሽሮዬ ነው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ ሰው ስላልተከተለው አቆመ። ዘመነች ሐኪሟ ያለቻትን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ሽንኩርቱን፣ የቁሌቱን ድስት፣ የፈረሰውን ደም። «ይሄንን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አውቄያለሁ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የተጠየቅኩትንም ሸፋፍኜ መለስኩ። አቶ ደሜን በደጃቸው፣ በሰው ፊት፣ አንተ ብያለሁ፤ ያልሠሩትን አሸክሜያቸዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

 ብርቅዬ ነጠላዋን ታስተካክላለች። አቶ ወልደ አማኑኤል ወደ አቶ ደሜ ዞሩ። «ፌስታሉስ?»

«ፌስታሉ የእኛ ነው» አሉ አቶ ደሜ። «መተኛት ነበረብኝ። ሲበላ ዝም ይላል፤ ከጠገበ ደግሞ ይተኛል። ኤቢሴ ሳንባ እየቀቀለች ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ትጥልለታለች። ወር ሊሆነን ነው።»

«ታዲያ ሐሙስ ይሄንን መናገር አቅቶዎት ነው?»

አቶ ደሜ ኮታቸውን ጎተት አደረጉ። «በሁዳዴ፣ ጿሚ ሰው ግቢ ውስጥ ሥጋ ስንወረውር ከረምን ብዬ በአደባባይ ልናገር? እኛ ጴንጤ ነን። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ስንኖር በእምነት ነገር ከማንም ጋር ክፉ ተነጋግረን አናውቅም። ጾማችንን አረከሱ ከምባልና መርዘኛ ከምባል የቱ እንደሚሻለኝ አላወቅኩም። ሳላውቅ በሩን ዘጋሁት።» ከዚያ ወደ ዘመነች አዩ። «ይቅርታውን ሰምቻለሁ። አይደለም አልልም። ግን በሰው ፊት የተባልኩትን ቶሎ የምረሳ ሰው አይደለሁም፤ ጊዜ ይስጡኝ።»

«እሺ» አለች ዘመነች። ሌላ ምን ትላለች።

ሰው መበታተን ሲጀምር ወደ ኤቢሴ ሄደች። «ኤቢሴ፣ አይበላልኝም። የቀቀልኩለትን ሁሉ እያሸተተ ይተወዋል። ዛሬ ካልበላ አይተርፍም ብላኛለች ሐኪሟ። አንቺ እንዴት አድርገሽ ነው የምትሠሪለት?»

ሃያ ስድስት ዓመት ምግብ ሸጣ ያደረች ሴት፣ ይሄንን ጥያቄ ለማንም አቅርባ አታውቅም። ኤቢሴ ባሏን አየች። አቶ ደሜ ወደ በሩ እየተራመዱ ነበር። «ሂጂ» አሉ ዞር ሳይሉ።

ኤቢሴ ጠዋት ቀቅላ ልትጥልለት ያልደፈረችውን ሳንባ ከቤቷ በትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። የዘመነችን በር ካለፈች ዓመታት ተቆጥረዋል። ቡላ ከሮቶው ሥር እንደተኛ ነው። አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ሳንባውን በጣቷ መበጣጠስ ጀመረች፤ አውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ፣ አንዲት አንዲት። ዘመነች ጉበቱን ለሰው ጥብስ እንደሚቆረጥ አድርጋ ነበር የቆረጠችው።

«ኮቱ» አለች ኤቢሴ በቀስታ፤ በኦሮምኛ «ና» ማለቷ ነው። «ኮቱ፣ ቡላ።»

ውሻው ጆሮውን አቆመ። ቃሉን ያውቀዋል። በዚያ አጥር ላይ፣ ዘመነች ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ሲያናግረው ከርሞ ኖሯል። አንገቱን ሰቀለና የኤቢሴን ጣት አሸተተ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ፤ ዘመነች ሊተፋት ነው ብላ አሰበች። ዋጣት። ሁለተኛዋን በልቶ አረፈ። ሦስተኛዋን ራሱ ፈለጋት።

ዘመነች ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ኤቢሴ አላያትም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች፤ መበጣጠሷን ቀጠለች።

እሑድ ማለዳ ቡላ ተነሥቶ እየተንገዳገደ ውሃው ጋ ሄደ። በሳምንቱ ሽንቱ ጠራ። ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዶክተር ውዳሴ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን ስታይ ሮዝነቱ ተመልሶ ነበር፤ ቶሎ መድከሙ ግን ክረምቱ እስኪገባ አለቀቀውም። ዘመነች ነገሩን ለነፍስ አባቷ ተናገረች፤ ሥጋውን እሷ እስካልበላችው ድረስ በበደል አልቆጠሩባትም። አሁን ቡላ የራሱ ድስት አለው፤ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ ሽንኩርት የነካ ማንኪያ አይገባበትም። አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት ኤቢሴ ሰዓዳ ጋ ይሄዳሉ። ሰፈር ውስጥ ውሻ ያለው ሰው ምን እናብላ ብሎ ሲጠይቃት አትሸፋፍንም። «እኔ አሳምሜ ነው የተማርኩት» ብላ ትጀምራለች። አንዳንድ ሰው ያምናታል፣ አንዳንዱ ሽሮ ማንን ገደለ ብሎ ይሄዳል።

አቶ ደሜ ግን እንዳሉት ጊዜ ፈለጉ። መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ሰኔ ላይ የኤቢሴ እናት አረፉ። ዘመነች ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ኋላ ቆማ ለለቀስተኛው አበሰለች፤ ሥራዋን ማንም አላዘዛትም። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው በልቶ ሲሳሳ፣ አቶ ደሜ ወደ ምድጃዎቹ መጡ። ጭሱ ውስጥ ትንሽ ቆሙና ከግድግዳው ሥር አንድ ዱካ አንሥተው አጠገቧ አስቀመጡላት።

«ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል» አሉ። «ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ወይዘሮ ዘመነች።»

ዘመነች እጇን በሽርጧ ጠረገችና ተቀመጠች።